ማታ ሙሽሮችን ውጭ ሳነሳ ከተማው ይጠፋብኛል፤ ምን ላድርግ?

ሰናፍጭ ጻፈች፦

ጤና ይስጥልኝ። ፎቶ በማንሳት መተዳደር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀን ላይ የሚያሳፍረኝ ሥራ የለም፤ ጣጣዬ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

በጥር መጨረሻ በያዝኩት ሠርግ ላይ ሙሽራው አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ፦ ከእንጦጦ ቁልቁል የከተማው መብራት እየታየ ከሚስቱ ጋር መነሳት። ወጣን። ሁለቱም ካባ ደርበዋል፣ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፣ አዲስ አበባ ከታች እንደ ተበተነ ፍም ተዘርግታለች። ፍላሼን ካሜራው ላይ ሰክቼ ሰማንያ ያህል ፎቶ አነሳሁ። በካሜራው ትንሽ መስኮት ሳየው ደኅና መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ በኮምፒውተር ስከፍተው ግን ዱቄት የተነፋባቸው ሁለት ፊቶች፣ ከኋላቸው ጥቁር መጋረጃ። ከተማው የለም።

ሙሽራው ለአልበም ሊመርጥ ሲመጣ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ይህንማ ሳሎናችን ውስጥም መነሳት እንችል ነበር» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያነሳሁት በ1/200 ሰከንድ፣ በኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ በአይኤስኦ 400 (የካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ነው። ያለኝ ከካሜራው ጋር የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አንድ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8፣ አንድ ፍላሽና ፍላሹን ከሩቅ የሚያበራ አንድ ትሪገር ነው። ረዳቴ ታናሽ ወንድሜ ነው። አሁን ጾም ስለሆነ ሥራ የለም፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ግን ሠርግ ይዣለሁ፣ እነሱም የማታ ፎቶ ይፈልጋሉ። አዲስ ዕቃ የምገዛበት ገንዘብ የለኝምና «እንትን ግዢ» የሚለውን ምክር ተዉልኝ።

ባለ ሦስት እግር ጻፈ፦

ሰናፍጭ፣ የጻፍሻቸው ሦስት ቁጥሮች ጥፋታቸውን ራሳቸው ይናዘዛሉ።

ፍላሽ ክንዱ አጭር ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛ። ከፊትሽ የቆሙትን ሙሽሮች ይነካል እንጂ ከእንጦጦ ሥር የተኛውን ከተማ ሊነካ አይችልም። ከተማው ግን የራሱ ብርሃን አለው፤ ከአንቺ የሚፈልገው በሩን ትንሽ ከፍተሽ እንድትጠብቂው ብቻ ነው። አንቺ በ1/200 ሰከንድ ዘጋሽበት።

ለሚቀጥለው እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ፍላሹን አጥፊው። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ አድርጊና በኤፍ 2፣ በ1/50 ሰከንድ፣ በአይኤስኦ 1600 ከተማውን ብቻ አንሺ። ሙሽሮቹ ጥላ ሆነው ቢወጡ አትደንግጪ፣ ለጊዜው እነሱን እርሺያቸው። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 2 ስትወርጂ ብርሃኑ 8 እጥፍ፣ ከ1/200 ወደ 1/50 ሲሆን 4 እጥፍ፣ ከ400 ወደ 1600 ሲሆን ሌላ 4 እጥፍ ይጨምራል። ተባዝቶ 128 እጥፍ ነው። ጥቁሩ መጋረጃ ይህ ነበር።

ከተማው እንደ ፈለግሽው ሲሆን ፍላሹን አብሪው፤ ኃይሉን ከሁሉ ዝቅተኛው ላይ አድርገሽ ጀምሪ። ካሜራው ላይ ሳይሆን ወንድምሽ እጅ ላይ፣ ከሙሽሮቹ በስተጎን ጥቂት ሜትሮች ርቆ፣ ከዓይናቸው ከፍ ብሎ። ፊታቸው ላይ ብርሃኑ ከበዛ ወንድምሽ አንድ እርምጃ ይራቅ፤ ካነሰ አንድ እርምጃ ይቅረብ። ከዚያ በኋላ የከተማውን ቁጥር አትንኪ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው እስኪነጋ ይደክማል።

ደረቅ ሐቅ ጻፈ፦

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የዛሬ ስልኮች ጨለማውን ቀን ያደርጉታል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜንና እጮኛውን በስልኬ መስቀል አደባባይ ላይ አነሳኋቸው፤ መብራቱም ፊታቸውም ጥርት ብሎ ወጣ።

ባለ ሦስት እግር ጻፈ፦

ስልኩ በማታ አንድ ፎቶ አያነሳም፤ ብዙ አንስቶ ይደራርባል። ለቆመ ሰው ግሩም ነው። ሙሽራዋ ስትስቅ፣ ነጠላዋን ነፋስ ሲያነሳው ግን ድርብርቡ አይገጥምም፤ ፊቷ እንደ ተነካ ቀለም ይለሰልሳል። በስልክህ መስኮት አይታይህም። ወደ ትልቅ አልበም ይታተምና እንነጋገር።

ደረቅ ሐቅ ጻፈ፦

ማን ነው ዛሬ የሚያሳትመው?

የድሮው ስቱዲዮ ጻፈ፦

እኔ አሳትማለሁ ልጄ፣ ሥራዬ እሱ ነበርና።

ሰናፍጭ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄም ትዝታዬም አንድ ላይ መጡ። ፒያሳ ከነበረ አንድ ስቱዲዮ ነው ሥራ የጀመርኩት። በደርግ ዘመን ሙሽሮችን ማታ ውጭ ማንሳት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰዓት እላፊ ነበር። ሠርገኛው ወይ በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ወይ እዚያው ሲጨፍር ያድራል። ሰዓት እላፊው ከተነሳ በኋላ ነው ማታን የተማርኩት፣ እሱንም በአይኤስኦ 100 ፊልም።

እንዴት መሰለሽ? ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ሌንሱን ኤፍ 8 ላይ፣ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ በር፣ ቢ በሚባለው ላይ አደርጋለሁ፤ በእጅ ይከፈታል፣ በእጅ ይዘጋል። ሙሽሮቹን ጨለም ያለ ቦታ አቆማለሁ፤ ከኋላቸው መብራት ያለው ሕንፃ አለ። ሹተሩን ከፍቼ በእግሬ ወደ እነሱ እሄዳለሁ፣ ፍላሹን በእጄ ከጎናቸው አንዴ አበራለሁ፣ ተመልሼ እስከ 10 እቆጥራለሁ፣ እዘጋለሁ። እኔ ጥቁር ኮት ስለምለብስና ስለማልቆም ፎቶው ላይ አልወጣም። ሙሽሮቹ ግን እስካጨበጭብ እንዳይነቃነቁ አስጠነቅቃቸዋለሁ። የተነቃነቀ እንደሆነ የሕንፃው መብራት በደረቱ ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ ሙሽራ ሆዱ ላይ መስኮት በርቶበት ወጥቶ ባለቤቱ ዕድሜዋን ሙሉ ስቃበታለች። ፊልሙ ታጥቦ እስኪወጣ ሳምንት እንጠብቃለን። አንቺ እዚያው ታዪዋለሽ፤ ታድለሻል።

ስለዚህ ወንድማችን የነገረሽ አዲስ ነገር አይደለም፣ እውነት ነው። ቅደም ተከተሉን ያዢ።

አንድ ልጨምርልሽ። ካሜራ ነጭ ልብስ ሲያይ ይሸወዳል። ነጩ ቀሚስና ነጠላው ፎቶውን ሲሞሉት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ የሚከፍለው የሙሽራዋ ፊት ነው። ጥቁሩ ካባ ሲሞላው ደግሞ በተቃራኒው ይጨምርና ፊቷን ያነጣዋል። ያንቺ ሙሽሮች ዱቄት የመሰሉት ከፊሉ በዚህ ነው። ፍላሽሽን ራሱ እንዲወስን አትተዪው፤ በእጅሽ አድርጊው፣ መለኪያሽም ጉንጯ ይሁን። ጠይም ፊት ብርሃን የሚወድ አይመስልም እንጂ ከጎን ለስለስ ብሎ ሲመጣለት እንደ ተወለወለ ነሐስ ያበራል። የፊልም ፋብሪካዎች ለማጠቢያ ቤቶች በሚልኩት የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ እኛ የራሳችንን መልክ ያገኘነው በሙከራ ነው። ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ የእናቴን ፎቶ ሰቅዬ ከእሱ ጋር እያስተያየሁ ነበር የማትመው።

ሰናፍጭ ጻፈች፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሆዱ ላይ መስኮት የበራበትን ሙሽራ ወንድሜ ሰምቶ እስካሁን ይስቃል።

ትናንት ማታ በረንዳ ላይ ወንድሜን አቁሜ ሞከርኩት። ከተማው መጣ! ግን ሁለት አዲስ ችግር አመጣ። አንደኛ፣ ፎከሱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል እንጂ አይዝም። ሁለተኛ፣ ከበስተኋላው ያለው መብራት ብርቱካን፣ የወንድሜ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ የታመመ ይመስላል።

ፍላሽ ጠላሁ ጻፈ፦

ፍላሹን ጣዪው፣ ሁለተኛው ችግር አብሮ ይሄዳል።

ማታ ብርሃን የለም የሚለው ሰው ዙሪያውን አላየም። የአዳራሹ በር፣ የሱቅ መስኮት፣ የመኪና የፊት መብራት፣ ጧፍ። ሙሽራዋን ከሱቅ መስኮት ሁለት እርምጃ አርቀሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙሪያት፤ ከዚያ የሚበልጥ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ ሳጥን) በገንዘብ አይገኝም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ፍላሽ ቦርሳዬ ውስጥ አልገባም።

ባለ ሦስት እግር ጻፈ፦

እንጦጦ ላይ የሱቅ መስኮት ከየት ይመጣል?

ፍላሽ ጠላሁ ጻፈ፦

እንጦጦ አትሂዱ።

የቀለም ጌታ ጻፈ፦

ሁለታችሁም ተዉ እስቲ። የሰናፍጭ ጥያቄ መልስ አለው።

ብርሃን ሁሉ ቀለም አለው፤ የሚለካውም በኬልቪን ነው። ፍላሽ የቀን ብርሃን እንዲመስል ስለተሠራ ወደ 5500 ነው። የድሮው ብርቱካናማ የመንገድ መብራት ወደ 2000 ይጠጋል፣ ጧፍና የችቦ እሳት ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። ካሜራሽ ለመብራቱ ሲያደላ ፍላሹ ሰማያዊ ሆነ። መድኃኒቱ ፍላሹን ራሱን ብርቱካናማ ማድረግ ነው። ለዚሁ የሚሸጥ ስስ ባለ ቀለም ፕላስቲክ አለ፣ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም፤ ይህን ግዢ ብዬ ደፍሬሻለሁ፣ ይቅርታ። ፍላሹ አፍ ላይ በላስቲክ እሰሪውና የካሜራውን የቀለም ሚዛን 3200 ላይ አድርጊ። ፊት ወደ ፊትነቱ ይመለሳል። ገና ያልጨለመ ሰማይ ካለሽ ደግሞ በዚያው ቁጥር ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙን ቤት አስተካክላለሁ ብለሽም ከሆነ በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይነካካ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) አንሺ፤ ሆኖም ሁለት ቀለም ፊት ላይ ከተቀላቀለ በኮምፒውተርም አይለይም።

ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በየመንገዱ የተተከሉት መብራቶች ደግሞ ሌላ ባሕርይ አላቸው። ነጫጮቹ ደኅና ናቸው። እነዚያ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ እያሉ የሚቀያየሩት ግን ለበስተኋላ እንጂ ለፊት አይሆኑም፤ ሙሽራን አረንጓዴ ጉንጭ ሰጥቶ የሚመሰገን ፎቶ አንሺ አላየሁም። ከኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶሽ ላይ አግድም ጥቁር መስመር ከመጣብሽ ካሜራው አልተበላሸም። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በዓይን አይታይም። ወንድማችን የሰጠሽ 1/50 ለዚህም ይጠቅማል፤ 1/100ም ይሆናል። 1/200 ላይ ነው መስመሩ የሚመጣው።

ፎከሱን በተመለከተ፦ ወንድምሽ የስልኩን ባትሪ መብራት ሙሽራዋ ፊት ላይ ያብራ፣ አንቺ በዓይኗ ላይ ፎከስሽን ያዢ፣ ቆልፊው፣ መብራቱ ይጥፋ፣ አንሺ። አንቺም እነሱም ከቆማችሁበት አትነቃነቁ። ኤፍ 2 ላይ አንድ ጫማ ወደፊት መራመድ ዓይኗን ያደበዝዘዋል።

ጧፍ ያልከው ግን ወዳጄ፣ ቬሎና ነጠላ አጠገብ እሳት ስታመጣ ከጎንህ ውኃ የያዘ ሰው አቁም። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሲቀጣጠል ጊዜ አይሰጥም።

ከፖቶማክ ማዶ ጻፈ፦

እኔ የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ነው፤ ደንበኞቼ በአብዛኛው የእኛው ልጆች ናቸው። አገር ቤት መጥቼ የእህቴን ልጅ ሠርግ ሳነሳ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ለማታ ፎቶ ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ጨለማው አይደለም፤ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ያለችው ትንሽ ጊዜ ናት። የከተማው መብራትና ሰማዩ ያን ጊዜ ይመዛዘናሉ፣ የሙሽራው ጥቁር ፀጉርና ካባም ከሰማዩ ይለያል። ጨልሞ ካለቀ በኋላ ፀጉሩና ሰማዩ አንድ ናቸው። ዲሲ ላይ በበጋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ብርሃን ይቀራል፤ እየተዝናናሁ ነው የማነሳው። በዚያ ልማድ አዲስ አበባ ላይ ሙሽሮቹን «አንድ ማኪያቶ ጠጥተን እንመለስ» አልኳቸው። ስንመለስ ጨለማ ነው። እህቴ ያየችኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ሰያፍ አትወርድም፣ ቁልቁል ትወድቃለች። ሰናፍጭ፣ ባንቺ ሠርግ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ35 ገደማ ነው። ሰማዩ የሚያምርሽ በግምት ከ12 ሰዓት ከ50 እስከ 1 ሰዓት ከ5 ነው። 15 ደቂቃ! ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ተገኚ፣ ወንድምሽን ሙሽራ አድርገሽ ሁሉን ነገር ለኪ፣ ሙሽሮቹ ሲደርሱ ካሜራሽን መነካካት አይኑርብሽ።

የከተማው መብራቶች ትልልቅ ክብ ሆነው እንዲወጡልሽ ከፈለግሽ ደግሞ አንቺ ወደ ሙሽሮቹ ቅረቢ፣ ሙሽሮቹ ከበስተኋላው ይራቁ። ባለ 50 ሚሊ ሜትርሽ ለዚህ ይበቃል። ሙሉ ቁመታቸውን ካላነሳሁ ብለሽ ወደ ኋላ ስትሄጂ ክቦቹ ይኮሰምናሉ።

አንድ አንባቢ ጻፈች፦

በጨረቃ ብርሃንስ ብታነሳ አያምርም?

የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ጻፈ፦

ፎቶ አላውቅም፤ ይህን ግን አውቃለሁ። ፋሲካ የሚውለው በቀመሩ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ በሚመጣው እሑድ ነው፣ ቀመሩ ደግሞ ሰማይ ላይ ከምትታየው ጨረቃ ጥቂት ቀናት ይዘገያል። ዳግማይ ትንሣኤ ላይ አንድ ሳምንት ሲጨመርበት ጨረቃ ወይ ጨርሳ ጠፍታለች፣ ወይ እንደ ጥፍር ቀጥናለች። ሙሽሮቹ ጨረቃ ከፈለጉ ሠርጉን ይግፉት።

ባለ ሦስት እግር ጻፈ፦

ይህ መድረክ ከፎቶ አንሺ ይልቅ ደብተራ የሚጠቅምበት ቀን ይመጣል አላልኩም ነበር። እውነቱን ነው። ለነገሩ ሙሉ ጨረቃ ብትኖርም በኤፍ 2፣ በአይኤስኦ 1600 ወደ 2 ሰከንድ ትፈልጋለች፤ ሁለት ሰከንድ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሙሽራ ያለው ጋሼ ዘመን ብቻ ነው።

የሙሽራ እህት ጻፈች፦

እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ባለፈው ዓመት እህቴን ድረን ነበር፣ ስለ ማታ ፎቶ ስፈልግ ነው እዚህ የደረስኩት። እናንተ ስለ ኬልቪን ስትከራከሩ እኔ ከሌላው ወገን ያለውን ልንገራችሁ።

ፎቶ አንሺያችን ሙሽሮቹን «አምስት ደቂቃ» ብሎ ከአዳራሹ አወጣቸው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆየ። አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ዓይን ዓይኑን በር ላይ ተክሏል፣ ምግቡ ቀርቧል ግን ሙሽሮቹ ሳይመጡ አይነሳም፣ አንድ የአባቴ ታላቅ ወንድም ተነሥተው «ልጆቹ ኮበለሉ እንዴ?» አሉ። እህቴ የመጣችው ጫማዋ ጭቃ ለብሶ፣ ከንፈሯ በብርድ ሰማያዊ ሆኖ፣ እጇ ጽዋ መያዝ አቅቷት ነው። በቪዲዮው ላይ ኬክ ስትቆርስ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰው ደስታ መስሎት ያለቅሳል። ፎቶውን አየነው፣ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። እህቴ ግን አልበሙን ስትከፍት ያንን ገጽ ታልፈዋለች።

ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። ይኸው ነው የኔ ቴክኒክ። በፎቶና በፎቶ መካከል ትከሻዋ ላይ ጣሉላት።

ፍላሽ ጠላሁ ጻፈ፦

እህቴ፣ ይህ ከሁላችንም ምክር ይበልጣል። እኔም ያደረግሁት ጥፋት ነው፤ በሌላ ሰው ሠርግ።

ሰናፍጭ ጻፈች፦

አነበብኩትና ራሴን አየሁ። በጥር እኔ ካፖርት ለብሼ፣ እሷ በካባ ቆማ ሰማንያ ፎቶ ነው ያነሳሁት። ጋቢ ጽፌያለሁ፣ ነጠላ ጫማም።

ከበረሃ ጻፈ፦

ከዱባይ ነው። እዚህ ችግራችን ግልባጩ ነው። ማታም ቢሆን አየሩ እርጥብና ሞቃት ስለሆነ ካሜራውን ከቀዘቀዘው መኪና ስናወጣው ሌንሱ ላብ ያወጣል፤ ሙሽሮቹ ጉም ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። በጨርቅ ቢጠርጉት ተመልሶ ይመጣል። ቦርሳውን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ አውጥቶ ዚፑን ሳይከፍቱ ማሞቅ ነው ያለው።

ይህ ሰናፍጭን የሚመለከታት ስትወርድ ነው። ከእንጦጦ ብርድ ሦስት መቶ ሰው ወደተነፈሰበት አዳራሽ በቀጥታ ስትገቢ ያው ላብ ይመጣብሻል፣ ያውም ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ሁሉም ሲያጨበጭብ። ካሜራውን ከመግባትሽ በፊት ቦርሳው ውስጥ ዝጊው፣ ለመግቢያው ሌላ ካሜራ ወይም የወንድምሽ ስልክ ይኑርሽ። ትርፍ ባትሪሽን ደግሞ ኪስሽ ውስጥ፣ ገላሽ አጠገብ ያዢ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።

ባለ ሦስት እግር ጻፈ፦

የሚቀረኝን ልጨምር። ፓርክ ውስጥ ከሆነ የፎቶ ክፍያና ፈቃድ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ከሙሽሮች ጋር በር ላይ ቆሞ መደራደር ያሳፍራል። ከበስተኋላሽ የመንግሥት ሕንፃ ወይም ጥበቃ ያለበት ግቢ እንዳይገባ ተመልከቺ። ማታ ባለ ሦስት እግርና የሚያብለጨልጭ ነገር የያዘ ሰው ጥበቃዎችን ያነቃል፣ እነሱም ሥራቸው ነው። ቀድመሽ ሰላም በያቸው፣ ምን እንደምትሠሪ ንገሪያቸው።

ደግሞ አንድ ጊዜ ፍላሹን ከኋላቸው አድርጊው። ወንድምሽ ከሙሽሮቹ ጀርባ ይቀመጥና ወደ አንቺ ያብራ፣ በአካላቸው ተሸፍኖ። ነጠላ ስስ ነው፤ ብርሃን ከኋላ ሲገባበት ራሱ የሚያበራ ይመስላል፣ የጥበቡ ጠርዝ ክር በክር ይቆጠራል። ዝናብ ከመጣ ደግሞ አትሽሺ። ከፊት የመጣ ፍላሽ ጠብታውን ነጭ ነቁጥ አድርጎ ፊታቸው ላይ ይረጨዋል፤ ከኋላ የመጣ ግን ዶቃ ያደርገዋል።

ሰናፍጭ ጻፈች፦

እንኳን አደረሳችሁ። ሠርጉ አለፈ፣ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ሁሉን ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ወንድሜን ሁለት ማታ እንጦጦ አውጥቼ ለካሁ፣ ቦታዬን በድንጋይ ምልክት አደረግሁ፣ ብርቱካኑን ፕላስቲክ ገዛሁ። የዕለቱ ዕለት 11 ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። እንጦጦ የለም።

የአዳራሹ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሜ ማልቀስ ቃጣኝ። ከዚያ አስፋልቱን አየሁት። ዝናቡ ስላራሰው የአዳራሹ መብራት ሁሉ መሬት ላይ ሁለተኛ ጊዜ በርቷል። አንድ አጎታቸው መኪናቸውን ከኋላ አዙረው የፊት መብራቱን አበሩልኝ። ፍላሹን በፌስታል ጠቅልዬ ከሙሽሮቹ ጀርባ ጡብ ላይ አስቀመጥኩት፣ በ1/16 ኃይሉ። ኤፍ 2፣ 1/50፣ አይኤስኦ 1600። ወንድሜ በስልኩ ዓይናቸውን አበራልኝ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ፎቶዎች ፎከሳቸው የያዘው ዝናቡን ነው እንጂ ሰዎቹን አይደለም፤ ብርቱካኑን ፕላስቲክም በጥድፊያ ቦርሳ ውስጥ ረስቼዋለሁ። ግን ከኋላ ስለሆነ ሰማያዊነቱ ዝናቡ ላይ አማረ።

ሙሽራዋ ስትንቀጠቀጥ ጋቢውን ሰጠኋት። እሷ ደግሞ ግማሹን ለባሏ አለበሰችው፤ ሁለቱም አንድ ጋቢ ውስጥ ገብተው ግንባራቸውን አጋጠሙ። እኔ አላልኳቸውም። ያን ነው ያነሳሁት። ነጩ ጋቢ ዳር ዳሩ በርቷል፣ ዝናቡ ዶቃ ሆኗል፣ ፊታቸው ግን በከፊል ጨለማ ነው፤ ሳቃቸው ብቻ ይታያል። ሰዓቴን አየሁት፣ ከወጣን 14 ደቂቃ። አስገባኋቸው፤ ሌንሱም እንደተባለው ላብ አወጣ፣ መግቢያውን ወንድሜ በስልኩ አነሳው። ደረቅ ሐቅ ደስ ይበልህ።

የሙሽራው እናት ፎቶውን አይተው ምን አሉ መሰላችሁ? «ልጄ፣ ፊታቸው የማይታይ ፎቶ ምን ያደርጋል?»

የጥሩን ሙሽራም ደወልኩለት፣ ያለ ክፍያ በድጋሚ ላንሳችሁ ብዬ። ሚስቱ አሁን ዳገት አትወጣም አለኝ፣ ከደስታ ጋር። እስክትወልድ እጠብቃለሁ።

የድሮው ስቱዲዮ ጻፈ፦

እሰይ ልጄ! እናትየዋም እውነታቸውን ነው። ሁልጊዜ አንድ ፊታቸው ወለል ብሎ የሚታይ፣ ቀጥ ብለው የቆሙበት ፎቶ ለእናቶች አንሺ። ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነው፤ ያንቺውን ሙሽሮቹ መኝታ ቤት ይሰቅሉታል።

ፍላሽ ጠላሁ ጻፈ፦

የመኪና መብራት ብዬ ነበር፣ አስታውሱልኝ።

ደረቅ ሐቅ ጻፈ፦

ፎቶውን አየሁት፣ ባርኔጣዬን አንስቻለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከራሳቸው በላይ ጃንጥላ አለ፤ የሁለቱም እጅ ጋቢው ውስጥ ነው፤ ወንድምሽ ስልክ ይዟል፣ አንቺ ካሜራ። ጃንጥላውን ማን ያዘው?

ሰናፍጭ ጻፈች፦

ሚዜው። ከኋላቸው ጡቡ አጠገብ ተንበርክኮ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ። ትናንት ደውሎልኛል፣ ጫማው እስካሁን አልደረቀም።